ከረጢቱን የቀደደው ምንድን ነው?

በአሜሪካና በአውሮፓ አውራ ጎዳናዎች ላይ ሸቀጥ የሚያመላልሱት ዘመናዊ ጎታች መኪኖች የኋላ ሸክማቸውን በአብዛኛው የሚያሳርፉት በብረት ላይ ሳይሆን በታመቀ አየር ላይ ነው። የመኪናው አጽም በሆነው ሻንሲና ጎማዎቹን በሚይዘው አክስል መካከል፣ በግራና በቀኝ፣ ከጎማና ከክር የተሠሩ ጥቁር ከረጢቶች ይቀመጣሉ፤ በሞተሩ ኃይል የሚሠራው ኮምፕሬሰር አየሩን ያምቃል፣ የታመቀው አየር በታንክ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዚያም በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ከረጢቶቹ ገብቶ በሺዎች ኪሎግራም የሚቆጠረውን ጭነት ከመንገዱ በላይ ተንሳፍፎ እንዲጓዝ ያደርገዋል። ሹፌሮች በተለምዶ «ኤርባግ» የሚሏቸው እነዚህ የአየር ከረጢቶች ጎማቸው ሲፋቅ፣ ሲሰነጠቅ ወይም ሲቀደድ ማፍሰስ ይጀምራሉ፤ ማፍሰስ ሲጀምሩም መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ በመጨረሻም ተሽከርካሪው ከሥራ ይወጣል።

የተጎዳውን ከረጢት አውልቆ አዲስ መተካት ለሠለጠነ መካኒክ የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ የዕቃውም ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ዶላር አያልፍም። የዚህ ዘገባ ዋና ጉዳይ ግን ከመተካቱ በፊት መነሳት ያለበት ጥያቄ ነው። የአየር ከረጢት ዕድሜውን ጨርሶ በራሱ ጊዜ የሚያልቀው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚጎዳው በአጠገቡ ያለ ሌላ ዕቃ ሥራውን በአግባቡ ባለመሥራቱ ነው፤ ያንን ዕቃ ሳይፈልግ ከረጢቱን ብቻ የቀየረ ሰው ለዚያው ጥገና ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ይከፍላል።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚተዳደሩት በረጅም ርቀት የጭነት ሥራ ነው፤ ብዙዎቹም በብድር የገዙትን መኪና ራሳቸው እየነዱ፣ የነዳጁን፣ የኢንሹራንሱንና የጥገናውን ወጪ ራሳቸው ይሸፍናሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ባለንብረት መኪናው የቆመበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ሲሆን የባንኩ ዕዳ ግን በዚያም ቀን አይቆምም፤ ስለዚህም አንድ ከረጢት ለምን እንደተቀደደ ማወቅ ለእርሱ ከኑሮው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ዕውቀት ነው።

ከባሌስትራ ወደ አየር

የአየር ከረጢት የተካው ባሌስትራን ነው። ባሌስትራ ርዝመታቸው የሚበላለጥ፣ ጎበጥ ያሉ የብረት ላሜራዎች ተደራርበውና በቡሎን ተጠፍረው የሚሠሩት ስፕሪንግ ሲሆን፣ የግትርነቱ መጠን ከፋብሪካ ሲወጣ የተወሰነ ነው፤ በመሆኑም ሙሉ ጭነት እንዲችል ተብሎ የተሠራ ባሌስትራ ጭነቱ ሲራገፍ እጅግ ይደርቃል፣ ባዶ ተሳቢ በኮረኮንች ላይ እየዘለለ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው። የታመቀ አየር በአንጻሩ ግትርነቱን እንደ ጭነቱ ይለዋውጣል፤ ጭነት ሲጨመር ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ጭነት ሲቀነስ ትርፉ አየር ይወጣል፣ ሻንሲው ከአክስሉ ያለው ከፍታም ሳይለወጥ ይቆያል። በዚህ የተነሳ በአየር ላይ ያረፈ የመኪና አካል፣ ተጫነም አልተጫነም፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ በሆነ ዝግ ያለ ውዝዋዜ ሲንቀሳቀስ፣ በባሌስትራ ላይ ያረፈው ግን የዚያን እጥፍ ያህል ይርገፈገፋል።

ልዩነቱ የሚጠቅመው የሹፌሩን ወገብና በቀላሉ የሚሰበረውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ጭምር ነው፤ ጎማ አስፋልቱን በደበደበው መጠን አስፋልቱ ቶሎ ይሰነጣጠቃልና። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1996 ባጸደቀው የክብደትና የመጠን መመሪያ፣ በጎታች መኪና ላይ ተቀራርበው ለተተከሉ ሁለት አክስሎች የፈቀደው ክብደት 18 ቶን ሲሆን፣ ኃይል ተቀባዩ አክስል ጥንድ ጎማና የአየር ተሸካሚ ወይም የእርሱ አቻ ካለው ወደ 19 ቶን ከፍ ይላል። አቻ ለመባል የሚቀርበው መስፈርት በተለይ ሊስተዋል ይገባዋል፤ ውዝዋዜው በሰከንድ ከሁለት ጊዜ እንዳይበልጥ ከመጠየቁም በላይ፣ ያንን ውዝዋዜ ከሚያረግበው ኃይል ቢያንስ ግማሹ ከሾክ አብዞርበሮቹ እንዲመጣ ያዛል። ሾክ አብዞርበር በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ በማስገደድ የስፕሪንጉን ዝላይ የሚገታ ቱቦ መሰል ዕቃ ነው። ባሌስትራ ላሜራዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚፋተጉ ዝላዩን በከፊል በራሱ ያበርዳል፤ አየር ግን እንዲህ ያለ ፍትጊያ ስለሌለው አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ የሚያቆመው ሾክ አብዞርበሩ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዊልያም ሃምፍሬይስ የተባለ አሜሪካዊ ለተሽከርካሪ የሚሆን የአየር ስፕሪንግ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው፤ ጄኔራል ሞተርስ በ1953 የከተማ አውቶቡሶቹን በአየር ከረጢት ላይ አስቀመጠ፣ በ1957 ደግሞ ኤልዶራዶ ብሮም የተባለውን ውድ ካዲላክ በዚሁ ዘዴ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። አውቶቡሶቹ ሲሳካላቸው የካዲላኩ ባለቤቶች ግን ብዙዎቹ ከረጢቶቹ እያፈሰሱ ስላስቸገሯቸው አውጥተው በብረት ስፕሪንግ ተኳቸው፤ ማፍሰስ እንግዲህ ከአየር ተሸካሚ ጋር አብሮ የተወለደ ችግር ነው።

በኢትዮጵያ የጭነት መኪኖች ላይ ባሌስትራ ዛሬም የበላይነቱን እንደያዘ ሲሆን፣ ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። የተሰበረ ላሜራ በየመንገዱ ዳር ባለ ጋራዥ ይቀየራል፤ አቧራና ጠጠር ለጎማ ከረጢት ጠላት ሲሆኑ ለብረት ግን ያን ያህል አያሳስቡም። በባሌስትራ መኪና ሥራውን የጀመረ ኢትዮጵያዊ ሹፌር ወደ ሌላ አገር ተሰዶ ጎታች ሲይዝ ከአየር ከረጢት ጋር የሚተዋወቀው በአብዛኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ባሌስትራ ሲጎዳ በዓይን በሚታይ ስብራት ያስታውቃል፣ አየር ግን ሲያመልጥ አይታይም።

ከረጢቱና አዛዡ

አንድ ከረጢት የሚሸከመው ክብደት የሚገኘው በውስጡ ያለው ግፊት ከረጢቱ በሚገፋበት ስፋት ሲባዛ ነው። በአሜሪካ ግፊት የሚለካው በአንድ ካሬ ኢንች ላይ በሚያርፍ ፓውንድ፣ በሹፌሮች አነጋገር በፒኤስአይ ሲሆን፣ 70 ካሬ ኢንች የሚገፋ ስፋት ያለው ከረጢት በ80 ፒኤስአይ 5,600 ፓውንድ ወይም 2,540 ኪሎግራም ገደማ ያነሳል። እንዲህ ያሉ አራት ከረጢቶች በጠቅላላው 10,160 ኪሎግራም ያህል ይሸከማሉ ማለት ነው። የአሜሪካ ሕግ በኢንተርስቴት አውራ ጎዳና ላይ ለተቀራረቡ ሁለት አክስሎች የሚፈቅደው ክብደት 34,000 ፓውንድ ወይም 15,400 ኪሎግራም ገደማ ስለሆነ፣ ቀሪው የት ደረሰ የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ በሁለት ይከፈላል፤ የአክስሎቹና የጎማዎቹ የራሳቸው ክብደት በከረጢቱ ሳያልፍ በቀጥታ መንገዱ ላይ ያርፋል፤ ከዚህም ሌላ አክስሉን የሚይዘው ክንድ የፊት ጫፉ ከሻንሲው ጋር በጎሚኒ፣ ማለትም በብረት ቀለበት ውስጥ በገባ ጎማ፣ የተያያዘ በመሆኑ የጭነቱ አንድ ክፍል በዚያ መጋጠሚያ በኩል ይወርዳል። ጎሚኒው ሲበላ ክንዱ ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራልና ይህ መጋጠሚያ በኋላ ለሚነሳው ጉዳይ ወሳኝ ነው።

ከረጢቱ ራሱ በክር መረብ የተጠናከረ ጎማ ሲሆን፣ በላይ በኩል ሻንሲው ላይ በሚታሰር የብረት ክዳን ተጨብጧል፣ በታች በኩል ደግሞ ፒስተን በሚባል ከብረት ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ በተሠራ ግንድ ላይ ተደፍቶ ይቀመጣል። በዛሬዎቹ ጎታቾች ላይ የሚበዛው ዓይነት አክስሉ ሲነሳ ጎማው በፒስተኑ ጎን ላይ እየተጠቀለለ የሚወርድበት፣ አክስሉ ሲወርድም እየተፈታ የሚወጣበት ነው፤ በቀለበት የተከፋፈለ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውም ዓይነት እስከ ዛሬ ያገለግላል። በከረጢቱ ውስጥ ሹፌሩ የማያየው ጠንካራ የጎማ ድጋፍ አለ፤ አየሩ ጨርሶ ሲወጣ ብረት በብረት ላይ እንዳይወድቅ የሚከላከለው እርሱ ነው፣ ነገር ግን የተሠራው ለድንገተኛ ጊዜ እንጂ ጭነት ተሸክሞ እንዲጓዝ አይደለም።

የአየሩን መግባትና መውጣት የሚያዘው የከፍታ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። ቫልቩ በሻንሲው ላይ ይታሰርና ትንሽ ክንዱ በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር ይገናኛል፤ ሻንሲው ሲወርድ ክንዱ ወደ ላይ ተገፍቶ አየር ያስገባል፣ ሻንሲው ከልክ በላይ ሲነሳ ደግሞ ወደ ታች ተጎትቶ አየሩን ወደ ውጭ ይለቃል። አንዳንድ መኪኖች ለሁለቱም ጎኖች አንድ ቫልቭ ሲኖራቸው ሌሎቹ ለየጎኑ አንዳንድ አላቸው፤ በአዳዲሶቹ ላይ የዘንጉን ሥራ የኤሌክትሮኒክ መለኪያ እየተካው መጥቷል። የአየር ሥርዓቱ ከሁሉ በፊት ለፍሬን ቅድሚያ እንዲሰጥ የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ግልጽ ትእዛዝ አስቀምጧል፤ በፍሬኑ ሥርዓት ውስጥ ቢያንስ 55 ፒኤስአይ ሳይጠራቀም ወደ ከረጢቶቹ አየር መግባት የለበትም። ከረጢት በጉዞ ላይ ቢፈነዳ መኪናው ፍሬኑን በአንድ ጊዜ የማያጣው በዚህ ጥበቃ ምክንያት ነው።

ፍተሻ በማለዳ

በረዶ በሚጥልባቸው ወራት፣ በአንድ የከባድ መኪኖች ማቆሚያ ውስጥ ሌሊቱን ካሳለፉት ጎታቾች መካከል አንዳንዶቹ ማለዳ ላይ ኋላቸው ተቀምጦ ይገኛል። ሹፌሩ የእጅ ባትሪውን ይዞ ይዞራል፤ በጭቃ መከላከያውና በጎማው መካከል ያለውን ክፍተት በግራም በቀኝም ያነጻጽራል፣ ጎንበስ ብሎ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ያበራል፣ ከዚያም ሞተሩን አስነስቶ የግፊት መለኪያው መርፌ ሲወጣ ይጠብቃል። ሌሊቱን አየር ማጣት ብቻውን ከረጢቱ እንደተቀደደ አያረጋግጥም፤ ብርድ ጎማን ያደርቃል፣ የቱቦ መጋጠሚያዎችን ያላላል፣ የአየር ማድረቂያው ያላስቀረው እርጥበትም ቫልቭ ውስጥ በረዶ ይሆናል። ቁም ነገሩ የሚገኘው መርፌው 120 ወይም 125 ፒኤስአይ አካባቢ ደርሶ ኮምፕሬሰሩ ማመቁን ሲያቆም፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጸጥታ ሲሰፍን ነው።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚሰማው ፉጨት ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከረጢት ያፈሰሰ መስሎት የሚጨነቅ ሹፌር ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የላላ የቱቦ መጋጠሚያ ነው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ድምፁ የሚመጣው ጋቢናውን ወይም የሹፌሩን ወንበር ከሚሸከሙት ትናንሽ ከረጢቶች ይሆናል። ምርጡ መርማሪ የሳሙና ውሃ ነው፦ በላይኛው ክዳን ዙሪያ፣ ጎማው ከፒስተኑ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ፣ በየቱቦው መጋጠሚያና በቫልቩ መተንፈሻ ላይ ሲረጭ አየር በሚያመልጥበት ቦታ አረፋ ይኮፈሳል። መኪናው ደረጃውን ይዞ ቆሞ ሳለ የቫልቩ መተንፈሻ አየር መልቀቁን ካላቋረጠ ጥፋቱ የቫልቩ እንጂ የከረጢቱ አይደለም። ጎማው በሚታጠፍበት ክፍል ላይ ያለ ስንጥቅ ደግሞ ከረጢቱ በቆመበት ከፍታ ተደብቆ ሊቀር ስለሚችል፣ ሻንሲው በአስተማማኝ ድጋፍ ላይ ካረፈ በኋላ ከረጢቱን ከፍና ዝቅ በማድረግ እጥፋቱን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።

ሕጉም መለኪያውን በቁጥር አስቀምጧል። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት መኪናው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ የአየር ግፊቱ በመደበኛው የሥራ መጠን ላይ ሳለ ከተሸካሚው ሥርዓት የሚያመልጠውም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከ3 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም። አየር የሌለው ከረጢት ይዞ በመንገድ ዳር ፍተሻ የተያዘ ተሽከርካሪ ሳይጠገን ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ሊታገድ ይችላል። ከረጢቱ ከጋራዥ ርቆ ሲፈነዳ አንዳንድ ሹፌሮች ወደ እርሱ የሚወስደውን ቱቦ ነቅለው አፉን በመዝጋት የቀሩት ከረጢቶች አየር እንዲይዙ ያደርጋሉ፤ ይህ ከአደገኛ ቦታ ለመውጣት ሊረዳ ቢችልም፣ ጭነቱን በቀሩት ላይ ስለሚከምርና የተቀደደውን ጎን በውስጠኛው የጎማ ድጋፍ ላይ ስለሚጥለው፣ እንደ ጥገና ቆጥሮ ጉዞ መቀጠል ሌላውን ከረጢት፣ ፒስተኑንና ሾክ አብዞርበሩን አብሮ ማጥፋት ነው።

ቁስሉን ማንበብ

የወለቀ ከረጢት ወዲያውኑ ወደ ቆሻሻ መጣል የለበትም፤ የጥፋቱ ማስረጃ በላዩ ላይ ተጽፏልና። ልምድ ያለው መካኒክ አሮጌውን ከረጢት በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ከወጣበት አቅጣጫ ጋር እያመሳከረ፣ ቀዳዳው የት እንደሆነና ምን ዓይነት ጠርዝ እንዳለው ይመረምራል።

ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ተፍቆ ክሩ ከተገለጠና ቀዳዳው በዚያ ከተከፈተ፣ ከረጢቱ ከአንድ ነገር ጋር ሲፋተግ ኖሯል ማለት ነው። ያ ነገር ቦታውን የለቀቀ የአየር ቱቦ፣ የተጣመመ ሾክ አብዞርበር ወይም ያጋደለ ቅንፍ ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉ በላይ የሚጠረጠረው ግን ቀደም ሲል የተጠቀሰው ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ሲበላ አክስሉን የያዘው ክንድ ከመስመሩ ይወጣል፣ ፒስተኑ ከላይኛው ክዳን ትይዩ መቆሙን ያቆማል፣ ከረጢቱም ተጣሞ እየሠራ አጠገቡ ካለው ብረት ጋር ይፋተጋል። በዚህ ሁኔታ አዲስ ከረጢት ማስገባት፣ አዲሱን ለዚያው መፋቂያ አሳልፎ መስጠት ነው።

ክዳኑ ከጎበጠ፣ ወይም ጎማው ክዳኑን ከሚጨብጥበት ጠርዝ ከተላቀቀ፣ ምክንያቱ ከልክ በላይ መለጠጥ ነው። በብዙ ጎታቾች ላይ አክስሉ ወደ ታች የሚሄድበትን መጨረሻ ወሰን የሚያበጀው ሾክ አብዞርበሩ ነው፤ ሾክ አብዞርበሩ ሲበጠስ፣ ወይም ከሚገባው በላይ ረጅም የሆነ ሲገጠምለት፣ አክስሉ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር የሚንጠለጠለው በከረጢቱ ላይ ይሆናል፤ ጎማ ደግሞ ግፊት እንዲችል እንጂ እንዲጎተት አልተሠራም። ተመሳሳይ ጉዳት ከተሳቢ ጋር በሚለያዩበት ጊዜ ይደርሳል፦ ከረጢቶቹ ጭነቱን እንደተሸከሙ ጎታቹ ከተሳቢው ሥር ተጎትቶ ቢወጣ፣ ሸክሙ በድንገት ይነሳና ሻንሲው ወደ ላይ ይወረወራል፣ ድንጋጤውንም ከረጢቱና ሾክ አብዞርበሩ ይካፈሉታል። ከመለያየት በፊት የከረጢቶቹን አየር በመልቀቂያው ማብሪያ ማስወጣት ይህን ይከላከላል፤ የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው፣ በችኮላ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ውስጠኛው የጎማ ድጋፍ ተፈርክሶ፣ ፒስተኑ ተሰንጥቆ ወይም በጎማው ዙሪያ ክብ መስመር የያዘ ቁርጥ ታይቶ ከሆነ ደግሞ ታሪኩ ተቃራኒው ነው፤ ከረጢቱ በአየር እጥረት እየተደቆሰ ሠርቷል፣ ጎማውም በክዳኑና በፒስተኑ መካከል ተቆንጥጧል። ለዚህ የሚጠረጠሩት ከመጠን ያለፈ ጭነት፣ አየር በበቂ የማያስገባ የከፍታ ቫልቭ፣ የታጠፈ ወይም የተነቀለ ዘንግ፣ እንዲሁም ዝላዩን መግታት ያቃተው ሾክ አብዞርበር ናቸው። በሁለቱም ተቃራኒ ጉዳቶች ሾክ አብዞርበሩ በተጠርጣሪነት መመለሱ በአጋጣሚ አይደለም፤ አየር ራሱን ማርገብ ስለማይችል የሾክ አብዞርበሩ ድካም ሁሉ የሚከፈለው በከረጢቱ ላይ ነው። ከረጢት ሲቀየር ሾክ አብዞርበርን አለመፈተሽ በዚህ ሙያ ከሚፈጸሙ ከባድ ስሕተቶች አንዱ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

በፒስተኑ ዙሪያ የሚጠራቀም ጠጠርና አሸዋ ጎማው በተጠቀለለ ቁጥር እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል፤ የፈሰሰ ዘይትና ግሪስ ጎማውን ያለሰልሰዋል፤ ዕድሜና ፀሐይ ደግሞ በመላ ገጹ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆችን ያወጣሉ፣ ከእነዚህም ክሩን የገለጡት ከረጢቱ ጊዜው እንዳለፈ ያስታውቃሉ። እንዲህ በሁሉም በኩል እኩል ያረጀ ከረጢት ጠላት አልነበረውም፤ ያገለገለውን ያህል አገልግሎ አልቋል።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። የአየር ከረጢት አይለጠፍም። የመኪና ጎማ በጎሚስታ እጅ ተለጥፎ እንደሚሠራው ሁሉ ከረጢቱንም በማስቲሽ ወይም በላስቲክ ልጣፍ ማዳን የሚቻል የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን የከረጢቱ ጎማ በየሰከንዱ የሚታጠፍና የሚዘረጋ በመሆኑ፣ ክሩም አንዴ ከተቆረጠ ኃይሉን መልሶ ስለማያገኝ፣ ልጣፉ በጭነት ሥር ሊተኮስ ይችላል። ጥገና የሚባለው ቱቦን፣ መጋጠሚያንና ቫልቭን የሚመለከት ሲሆን፣ ለተቀደደ ከረጢት ያለው መፍትሔ መቀየር ብቻ ነው።

በሻንሲው ሥር

የመቀየሩ ሥራ ከመፍቻ በፊት በጥንቃቄ ይጀምራል። መኪናው በጠንካራና በተስተካከለ መሬት ላይ ይቆማል፣ የሚንቀሳቀሱት ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ፣ ሻንሲው በክሪክ ይነሳና ክብደቱን በሚችሉ የብረት ድጋፎች ላይ ያርፋል። ክሪክ የሚያነሳ እንጂ ይዞ የሚያቆም ዕቃ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ ሻንሲ ሥር መግባት በሕይወት መወራረድ ነው። ከዚያም የከፍታ ቫልቩ ዘንግ ከአክስሉ ተለይቶ ክንዱ ወደ ታች ይሳባል፣ ቫልቩም የከረጢቶቹን አየር በሙሉ ይለቃል። ሻንሲው በድጋፍ ካልተያዘ በዚህ ቅጽበት ብዙ ሴንቲሜትር በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ በሻንሲውና በጎማው መካከል እጁን ያስቀመጠ ሰው እጁን ለማውጣት ጊዜ አይኖረውም።

አየሩ ጨርሶ መውጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ ቱቦው ከላይኛው ክዳን ይነቀላል፣ የክዳኑ ዳዶዎችና ፒስተኑን ከታች የያዘው ቡሎን ይፈታሉ። ጨውና ዝገት የበላቸው ዳዶዎች በዚህ ደረጃ ይፈትናሉ፤ በረዶን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው በሚነሰነስባቸው የሰሜን ግዛቶች የሚሠራ መካኒክ ከከረጢቱ ይልቅ ከዳዶው ጋር ሲታገል ይውላል። የወለቀው ዕቃ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ይመዘናል፦ የክዳኑ ቡሎኖች አቀማመጥ፣ የፒስተኑ ቁመትና የጎማው ዓይነት ካልተመሳሰሉ ከረጢቱ ቢገጠምም ለዚያ መኪና አልተሠራም። የሚያርፍባቸው ገጾች ከዝገትና ከጭቃ ይጸዳሉ፤ ለማጽዳት የሳሙና ውሃ ይበቃል፣ ቤንዚንና መሰል የነዳጅ ውጤቶች ግን ጎማውን ስለሚጎዱ ወደ ከረጢቱ መቅረብ የለባቸውም።

አዲሱ ከረጢት ሲታሰር ሁለት ነገሮች ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው፣ ጎማው ሳይጠማዘዝ መቆሙ ነው፤ የላይኛው ክዳንና ፒስተኑ እርስ በርስ ትይዩ ሆነው መቀመጥ አለባቸው። ሁለተኛው የማጥበቂያ ኃይል ነው፤ ፒስተኑ ፕላስቲክ በሆነበት ጊዜ ቡሎኑን በጉልበት ማጥበቅ ጥርሱን ይነቅለዋል ወይም ፒስተኑን ይሰነጥቀዋል፣ ስለዚህም አምራቹ ያስቀመጠውን ልክ በመለኪያ ቁልፍ መከተል ግድ ነው። በመጋጠሚያው ላይ የሚቀባው ማሸጊያ መብዛት የለበትም፣ ፍርፋሪው ወደ ቫልቩ ገብቶ መተንፈሻውን ሊይዝበት ይችላልና። ከረጢት ከመኪናው ላይ ሳይታሰር በአየር መሙላትም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ሻንሲና አክስል ያልገደቡት ከረጢት ያለ ወሰን ይለጠጥና ክዳኑን ወይም ፒስተኑን ሊተኩስ ይችላል።

ከተገጠመ በኋላ አየሩ ቀስ ተብሎ፣ በመጀመሪያ በዝቅተኛ ግፊት ይገባል፤ መካኒኩም ጎማው በፒስተኑ ላይ ዙሪያውን እኩል ተጠቅልሎ መውረዱን፣ እጥፋት ወይም ጉድጓድ አለመያዙን ያያል። ይህ ሳይረጋገጥ ሙሉ ጭነት ያረፈበት ከረጢት በመጀመሪያው ቀን ሊቀደድ ይችላል። ከዚያ ዘንጉ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የሳሙና ውሃውም በአዲሶቹ መጋጠሚያዎች ሁሉ ላይ እንደገና ይረጫል።

የሚቀረው ከፍታው ነው። እያንዳንዱ አምራች ሻንሲው ከአክስሉ ምን ያህል ከፍ ብሎ መቆም እንዳለበት ይወስናል፤ የሚፈቀደው ልዩነትም አብዛኛውን ጊዜ ከሚሊሜትሮች አይዘልም። ከፍታው ሲዛባ ከሞተር ወደ አክስል ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ አንግሉ ይለወጣል፣ መስቀለኛ መጋጠሚያዎቹ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፣ ሹፌሩም ችግሩን በጎማ ወይም በማርሽ ሲፈልግ ይሰነብታል። ከረጢቶቹ ከተቀየሩ በኋላ ከፍታውን በሜትር ሳይለኩ መኪናውን መልቀቅ በብዙ ጋራዦች የሚታይ ስንፍና ነው፤ ከፍ ተደርጎ የተተወ መኪና አዲሱን ከረጢት ለመለጠጥ፣ ዝቅ ብሎ የቀረው ደግሞ ለመደቆስ ያጋልጠዋል።

ከጥገናው በኋላ መኪናው ሩብ ሰዓት ያህል ወጣ ገባ ባለ መንገድ ላይ ተነድቶ ይመለሳል፤ ከፍታው ደግሞ ይለካል፣ ቡሎኖቹ ይታያሉ፣ መካኒኩም የእጁን መዳፍ ወደ እያንዳንዱ ሾክ አብዞርበር አስጠግቶ ሙቀቱን ከአጠገቡ ካለው ሻንሲ ጋር ያነጻጽራል። የሚሠራ ሾክ አብዞርበር የዝላዩን ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ከሻንሲው ይሞቃል፤ እንደ ሻንሲው ቀዝቅዞ የተገኘው ግን ምንም አልገታም፣ ስለዚህም ዘይት ባያንጠባጥብም፣ ከውጭ ሲታይ አዲስ ቢመስልም፣ በዚያው ቀን በሌላው ጎን ካለው ጥንዱ ጋር አብሮ ይቀየራል።